ዘጠና ዘጠኝ ፎቶ ለአባዬ

ሰፈርተኛው «ፎቶ በዘፈን» ነው የሚለው። ወላጆቹ ያወጡለት ደህና ስም ነበረው፤ ግን ሥራው ስሙን ቀማው። በሁለት ልብስ ሰፊዎች መሀል በተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩን ጎልቶ የሰው ፎቶ ይደረድራል፤ ዘፈን ያለብሰውና በዲቪዲ ያስረክባል። ሠርግ በሉት፣ ምርቃት በሉት፣ ልደት በሉት፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣል።

ሙያውን ያውቃል፤ አይታማም። «ዲቪዲ እኮ የሰጡትን ሁሉ የሚውጥ ጆንያ አይደለም» ይላል ለደንበኛ። የሚሠራበት ፕሮግራም በአንድ ዙር ዘጠና ዘጠኝ ፎቶ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ መቶኛውን ብትለማመጠው ንቅንቅ አይልም። የቱንም ያህል ጥርት ያለ ፎቶ ብታመጣለት አሳንሶ ነው የሚያወጣው። አንዴ ዲስኩ ላይ ተቀድቶ በርን ከተደረገ ደግሞ አለቀ፤ አይፋቅ፣ አይታረም። በአንድ ሠርግ የሙሽራዋ አጎት ሁለት ጊዜ ገብተው የሙሽራው አባት ጭራሽ የቀሩ ጊዜ፣ እየተሰደበ ሌላ ዲስክ ከመሥራት በቀር መላ አልነበረውም።

አንድ ኩራት ነበረችው። ሌሎቹ ፎቶው ከቴሌቪዥኑ ቅርጽ ጋር አልገጥም ሲላቸው ዙሪያውን ጥቁር ይተዉታል። እሱ ግን «እኔ የሐዘን ማስታወቂያ አልሠራም!» ብሎ ፎቶውን እስከ ስክሪኑ ጥግ ድረስ ይለጥጠዋል። ጉድ የሠራችው ይቺው ኩራቱ ናት።

ዘንድሮ ደንበኛው ራሱ ሆነ። አባቱ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከእሳቸው ቤት አልበሞቹን ተሸክሞ አመጣ፤ ከሦስት መቶ ፎቶ ዘጠና ዘጠኙን ሲመርጥ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ያን ያህል የለፋው ግን ለአባቱ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ለታላቅ እህቱም ነው።

እናታቸው ከሞተች በኋላ እሱንና ታናናሾቹን ያሳደገቻቸው እሷ ናት። «እታለም» ይላታል። አባትየው ያልወደዱትን ሰው አገባችና «ከእንግዲህ ልጄ አይደለሽም» አሏት። እሷም ግትርነቱን ከማን ልትወርስ ኖሯል፤ ወጥታ ቀረች። የአባቷን ደጅ ሳትረግጥ ስድስት ዓመት አለፋት። ያለ ትልቅ ምክንያት የሚባክን ዕድሜ ሳይ እኔን ያንገበግበኛል!

ደወለላት። «እታለም፣ በሞቴ ነይ።»

«ሰው ፊት ልዋረድ?»

«ከዘጠና ዘጠኙ ፎቶ ስልሳ አንዱ ላይ አለሽ እኮ! ቆጥሬ ነው ያስገባሁሽ። አባዬ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ሲያይሽ፣ እስቲ ልጄ አይደለችም ይበል!»

«እመጣለሁ። ካፈርኩ ግን አንተንም ሁለተኛ አላይህም» አለችና ዘጋችው። የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት።

ታዲያ እሷ ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ዳር ናት። ትንንሾቹን ታሰልፋለች፣ የአንዱን ኮሌታ ታቃናለች፣ የሌላውን አፍንጫ ትጠርጋለች፤ ከዚያ «በል አንሳ!» ብላ እየሮጠች ጫፍ ላይ ትለጠፋለች። ቆሞ የሚጠብቃት ቦታ ኖሮ አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአባትየው ሳሎን ጢም አለ። እሷም መጣች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቷ አዩዋት፤ ራሳቸውን ትንሽ ነቅነቅ አደረጉና ዓይናቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ። ጀርባው እንደ እርጉዝ ሆድ የገፋ አሮጌ ቴሌቪዥን ነው። ፎቶ በዘፈን ሥራውን በኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ አይቶታል። እዚህኛው ላይ ግን አልሞከረውም።

ዲስኩ ጀመረ። ፎቶው በየአምስት ሴኮንዱ ይቀያየራል፤ ሰው ይስቃል። አምስተኛው አለፈ፣ ዐሥረኛው አለፈ። አፏን ይዛ የማታውቀው አክስት «ውይ!» አለች። «ታላቂቱ የት ገባች?»

ፎቶ በዘፈን ቀና ብሎ ሲያይ ክው አለ። ደረጃው ላይ ተሰልፈዋል፤ እሷ የለችም። ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመዋል፤ የለችም። በአንዱ ፎቶ ላይ የእሱ ትከሻ ላይ አራት ጣቶች ይታያሉ፤ ጣቶቹ ባለቤት የላቸውም።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው የሚያሳብደው። አሮጌ ቴሌቪዥን የምስሉን ዳር ዳር ከፕላስቲክ ክፈፉ ሥር ይደብቃል። ኮምፒውተር ላይ ሙሉው የሚታየው ፎቶ፣ እዚህ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ይጎድላል። ያውቅ ነበር እኮ! ጽሑፍ ሲያስገባ ሁልጊዜ ወደ መሀል ሳብ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ያንን ጥቁር ክፈፍ ቢተውላት ኖሮ በሰላም ትገባ ነበር። ፊደል እንዳይቆረጥበት ዓመታት የተጠነቀቀ ሰው፣ በገዛ እጁ እህቱን ቆረጣት።

እሷ ተነሥታለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስልሳ አንድ አልክ» አለችው። «ሰው ሰብስበህ አለመኖሬን ልታሳየኝ ነው? ማን ነው ቁረጣት ያለህ? እሱ ነው?»

«እታለም፣ እኔ ልሙት! ቴሌቪዥኑ ነው!»

«ቴሌቪዥን ደግሞ ሰው ይመርጣል እንዴ?» አለች አክስት። እንዲህ ያለች ሴት አፏ ቢለጎም ምን ነበረበት!

ፎቶ በዘፈን ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ የበሩን እጀታ ስትይዝ አየ፤ ስድስት ዓመቱ ሌላ ስድስት ዓመት ሊወልድ ነው፣ እሱም አብሮ ሊቀር ነው።

«ማነው ያወጣት?»

አባትየው ቆመዋል። ፎቶ በዘፈን «ደግ አደረግክ» እንዳይሉት ነበር የፈራው፤ እሳቸው ግን እሱን እያዩ አልነበረም። ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱና መዳፋቸውን ከመስታወቱ በስተግራ፣ ፕላስቲኩ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ናት» አሉ። «አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች። የአንዱ ጫማዋ ማሰሪያ ተፈቷል።»

ፎቶው ተቀየረ። ሽማግሌው ተንደርድረው ወደ ቀኝ ዞሩ። «እዚህ ደግሞ በዚህ በኩል ናት። ፀሐይ ወግቷት አንድ ዓይኗን ጨፍናለች።» እንደገና ተቀየረ። አምስት ሴኮንድ ለሰባ ዓመት ሰው ምን አላት? ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ተመልሰው ወደ ግራ ሄዱ። «ይሄኛው ላይ ሰማያዊ ሹራብ። ክርኑ ላይ ተጥፏል።»

አንድም አላመለጣቸውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንኑ ፎቶ ሲያገላብጥ የከረመው ፎቶ በዘፈን፣ የሹራቡን መጣፍ ልብ አላለውም ነበር። አክስት እንኳ አፏን ይዛ ቀረች። ሪሞቱ ፎቶ በዘፈን እጅ ላይ ነው፤ አቁመው ያለው ግን አልነበረም።

እህትየው እጇ ከበሩ እጀታ ላይ ሳይነሣ ደርቃ ቀረች። «ክርኑ መጣፉን እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። «አባዬ፣ አንተ በምን አወቅህ?»

አባትየው አልዞሩም። መዳፋቸውን ፕላስቲኩ ላይ እንዳደረጉ፣

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ምን ሳይ የከረምኩ መሰለሽ?» አሏት።