በፊልሙ የተኮሰው ወንድም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ማይክ ሰጡኝ። ከተዋናዮቹ አናት በላይ፣ ካሜራው እንዳያየው አድርጌ መያዝ ነበረብኝ። ፊልሙን የምንቀርጸው ፀዳ ከተማ፣ አንድ አዲስ ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አያ መልካሙ ከአገራችን ከትክል ድንጋይ ለጉዳይ መጥቶ ሊያየኝ ጎራ አለ።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰህ ዘንግ ያዥ ሆንክ?» አለኝ።

«ድምፅ ነው የምይዝ፣ አያ።»

«ድምፅ ይያዛል? እስኪ የእናታችንን ያዝልንና ጎረቤት ይረፍ!»

ሳቁ ቀረጻው ውስጥ ገባ። የድምፅ ኃላፊው ተቆጣኝ፤ እንደገና ተቀረጸ። የመጨረሻው ደህና ቀን ያ ነበር።

በማግስቱ ወንድሜ አገሩ ገብቶ በግጦሽ ወሰን ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣላ። ልጁ በዱላ መታው። አልተረፈም።

ገዳዩ ታሰረ። እኛ ዘንድ ግን ደም በእስራት ብቻ አይደርቅም። ሽማግሌና ቄስ ገቡ። የገዳዩ ታላቅ ወንድም አያ ታፈረ እንደ እርቅ ወጋችን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ እናቴ ፊት ተንበረከከ። «ይቅር ለእግዜር» አለች። እኔም አልኩ። ቶሎ ግን አላልኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ታሪኩን ለዳይሬክተራችን ለሰናይት ነገርኳት። ፊልም እናድርገው አለች፤ እሺ አልኩ። ስክሪፕቱን የጻፉት ዱላውን ሽጉጥ አደረጉት። ይሁን አልኩ። ወንድሜ ሳያገባ ነው የሞተው፤ እነሱ እጮኛ ሰጡት። እሱንስ ወደድኩት። የስክሪፕቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ግን ታናሽ ወንድም የገዳዩን ወንድም ተኩሶ ይጥለዋል።

«ሰናይት፣ እኔ አልተኮስኩም።»

«ፊልም ነው እኮ። ተመልካች ለእርቅ አያጨበጭብም።»

«አገሩ የማን ታሪክ እንደሆነ ያውቃል። የአያ ታፈረ ልጆች ይህን ካዩ እርቁ የውሸት ነበር ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ከማን ጋር ገበያ ይውላል?»

«"በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" የሚለውን እናውጣው እንግዲያ።»

«ጽሑፉ ቢወጣስ ሰዉ ይረሳል?»

ገጹን አነሳች። «ያን ድንጋይ ስታይ በልብህ ምን ነበር?»

«መተኮስ» አልኳት። እውነቴን ነው።

«ታዲያ እሱን እንቅረጽ። "ይቅር" እስክትል ድረስ የቆየኸውን።» ገጹን ቀደደችው።

እውነተኛ ወንጀል ላይ ፊልም ለምትሠሩ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው። መሣሪያውንም ልብሱንም ለውጡ። ያልገደለውን ሰው ገዳይ አታድርጉት። ከመቅረጻችሁ በፊትም ሄዳችሁ ጠይቁ።

እኔ ገጹ በተቀደደ ማግስት ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ትክል ድንጋይ ሄድኩ። አያ ታፈረን አጥር ሲያጥር አገኘሁት።

«ምነው በጠዋት? ደህና?»

«ደህና። አያ፣ ድንጋይ ተሸክመህ የመጣህበትን ቀን ልንቀርጽ ነው። ካልፈቀድክ ይቀራል።»

እሾሁን አስቀመጠ።

«እኔን የሚሆነው ማነው?»

«የአዘዞ ልጅ ነው። ቀጭን።»

«ቢቀጥንም ድንጋዩን ትንሽ አታድርጉለት» አለኝ።

ከአጥሩ ሥር ለቀረጻው የሚሆን ድንጋይ መርጦ በጫንቃው አነሳው፤ ወደ ሚኒባሱ አብረን ወረድን። ግማሹን መንገድ እኔ ተቀበልኩት።