ሽማግሌው በር ላይ የቆሙ ዕለት

ፊዚዮቴራፒ ለመማር ስመዘገብ ዕድሜዬ ከአርባ አምስት አልፎ ነበር። ከዚያ በፊት ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር እኔ ቀረሁ። ሌላ የጽሕፈት ሥራ መፈለግ ይቻል ነበር። ነገር ግን ትከሻዬን ታምሜ በነበረ ጊዜ ያከመችኝ ባለሙያ እንዴት እንደምትሠራ ለብዙ ሳምንታት አይቻለሁ፤ እኔም የምችለው መሰለኝ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት አልነበረኝም። ወዳጆቼ ሳቁብኝ። አንዷማ፣ "በስተርጅና ወጌሻ ልትሆኚልን ነው?" አለችኝ። አልከፋኝም።

ካሳራኒ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ ማታቱ በሚሉት የከተማው ሚኒባስ እየተመላለስኩ ተማርኩ። የክፍል ጓደኞቼ ለልጅነት የሚደርሱኝ ነበሩ፤ "ማማ" ይሉኛል። የአጥንትና የጡንቻ ስም በቃል መያዙ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ እጄ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከወንበር ለመነሳት ሲታገል ካየሁ፣ ሳላስበው ብብቱ ሥር ገብቼ አነሳዋለሁ። ያደግነው እንዲህ ነው። ትልቅ ሰው እየታገለ እጅን አጣጥፎ ማየት ነውር ነበር። አስተማሪያችን በዕድሜ የምበልጣት ኬንያዊት ነበረች፤ በተግባር ፈተና ሁለት ጊዜ ጣለችኝ።

"ማማ፣ በሽተኛው እኮ አልቆመም፤ ያቆምሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ። ሦስተኛውንም ከወደቅኩ ከትምህርቱ እንደምሰናበት ነገረችኝ። በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቶቹ የሚቀጥሩት ወጣት ጸሐፊ ነበር፤ የምመለስበት አልነበረኝም።

ለሦስተኛው ፈተና ፓርክላንድስ ሰፈር ካለ ሆስፒታል የተኙ አንዲት አሮጊት ደረሱኝ። የአገሬ ሰው ናቸው። እዚሁ ናይሮቢ ሩንዳ ሰፈር የሚኖረውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ በቀዶ ሕክምና ተጠግኗል። ሐኪሙ እንዲቆሙ ፈቅዷል፤ እሳቸው ግን አይሹም። ልጃቸውና ምራታቸው ከአልጋው ግራና ቀኝ ሆነው ትራስ ያደላድላሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ውኃ እንኳ አፋቸው ድረስ ያደርሳሉ። እንዲነሱ ስጠይቃቸው አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺ የሰው ሕመም አይገባሽም?" አሉኝ። ልጃቸውም እንዲያርፉ ብተዋቸው እንደሚሻል በትሕትና ነገረኝ።

በፈተናው ቀን አስተማሪዬ ጥግ ላይ ቆመች። አሮጊቷን እንደምንም አግባብቼ አልጋው ጫፍ ላይ እንዲቀመጡ አደረግኩ፤ ባለ አራት እግሩን የብረት መደገፊያም ፊት ለፊታቸው አቆምኩ። ከዚያ ወዲያ እምቢ አሉ። ደግሜ ስጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የተሰጠኝ ጊዜ እያለቀ ነበር።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና በትር የያዙ ሽማግሌ ገቡ። የሟች ባላቸው ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እዚያው ናይሮቢ ከራሳቸው ልጅ ዘንድ ይኖራሉ። የተቀመጠው ሁሉ ብድግ አለ።

"ኖር" አሉ አሮጊቷም። እጆቻቸው መደገፊያውን ጨበጡ፤ ወገባቸው ወደፊት አዘነበለ። ልጅና ምራት እኩል "ኧረ አይነሱ" እያሉ ተንጠራሩ። ሽማግሌው "በእግዜር" ብለው ሊያስቀምጧቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው።

"አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አያስቀምጧቸው። እዚያው ቆመው ይጠብቋቸው።"

የአሮጊቷ ልጅ በቁጣ አየኝ። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው በር ላይ ቀሩ። እሳቸው ቆመው ደግሞ አሮጊቷ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ትንሽ ከፍ አሉና ተመልሰው አልጋው ላይ ወደቁ። እጄ ወደ ብብታቸው ሄደ፤ መለስኩት። ቢወድቁ ለመያዝ በሚበቃ ቅርበት ቆሜ፣ ሳልነካቸው፣ በደኅነኛው እግራቸው ወለሉን እንዲገፉ ነገርኳቸው። ገፉ። ቆሙ።

"ልግባ ወይስ እንደቆምን ልንውል ነው?" አሉ ሽማግሌው። ምራትየው ሳቀች። አሮጊቷ አልሳቁም።

"እንግዳ በር ላይ የምታስቆሚ" አሉኝ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ "የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

አንድ እጃቸውን ወደኋላ ልከው አልጋውን እንዲይዙና ቀስ ብለው እንዲቀመጡ ነገርኳቸው። ለሽማግሌውም ወንበር ሰጥቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ኮሪደሩ ላይ፣ አማርኛ የማታውቀው አስተማሪዬ ሽማግሌው ምን እንዳደረጉ ጠየቀችኝ። ምንም አላደረጉም አልኳት። ማለፌን ነገረችኝና ወደሚቀጥለው ተማሪ ሄደች።

በማግስቱ ስገባ አሮጊቷ ሰላምታዬን አልመለሱም። ልጃቸውም ስልኩን ያይ ነበር። እሳቸው ግን ማንም ሳይነግራቸው መደገፊያውን ወደ ራሳቸው ስበው፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል።