ስህተት አለው ያልኩበት ጠዋት

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም ስናዘዝ ሁልጊዜ ዘልዬው አልፋለሁ። ሰው ሌላ ሌላውን ኃጢአቱን ዘርዝሮ አንዷን ካስቀረ ተናዘዘ ይባላል? እኔ እንዲህ እያስቀረሁ ኖሬአለሁ። አሁን ለእናንተ እናገራለሁ።

ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ትምህርቴን በልጅነቴ አቋርጬ፣ ሒሳብን ግን ካዛንቺስ በነበረችኝ ሱቅ ቁጭ ብዬ ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ተማርኩ። ልጄን ብሌንን ቁጥር ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። በቤቴ ስህተት ያየ ሰው ዝም አይልም። አባት ሲናገር ደግሞ ልጅ መልስ አይሰጥም። ሁለቱ ሕጎች አንድ ቀን እንደሚጋጩ አላሰብኩም። ሒሳብ አውቃለሁ የምል ሰው ይህን እንዴት አላየሁም?

ብሌን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር በጀመረች ጊዜ በአንድ የሒሳብ ጉባኤ ላይ ጥናቷን እንድታቀርብ ተጋበዘች። ጉባኤው እዚያው ካዛንቺስ፣ ከሱቄ ብዙም በማይርቅ ሆቴል ነበር። የተመረጡ ጥናቶች ተሰብስበው በመጽሐፍ ይታተማሉ ተባለ። ብሌን ለዶክትሬት ውጭ አገር የመሄድ ተስፋዋን የጣለችው እዚያ መጽሐፍ ውስጥ በመግባት ላይ ነበር። እኔም ሙሉ ልብሴን ለብሼ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ።

ልጄ ስትናገር ፊቴ ሳያሳብቅብኝ አልቀረም።

«ልጅቷን ያውቋታል እንዴ፣ አባባ?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ።

«ልጄ ናት።»

«እርስዎም ፕሮፌሰር ነዎታ።»

«ፍሪጅ ነው የምሠራው።»

«ለካ! እንዲህ ቀዝቀዝ ብላ የምታወራው ከማን ወስዳ ነው እያልኩ ነበር።»

ሳቅኩ። ስለ ልጅነቷ፣ በሱቄ መዝጊያ ላይ በጠመኔ ስለምትሠራው ሒሳብ አወራሁለት። ቀና ስል ብሌን ብዙ ሄዳለች፤ ሰሌዳው ላይ በአንድ መጠን ስታካፍል አየሁ። ያ መጠን ዜሮ ቢሆንስ? በዜሮ ማካፈል እንደማይቻል እኔው አይደለሁም እንዴ ያስተማርኳት?

ጥያቄ ሲፈቀድ ተነሣሁ። «ያካፈልሽበት ዜሮ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ መሠረት የለውም» ብዬ ተቀመጥኩ። አባቷ መሆኔን አልተናገርኩም። የማያዳላ ሰው መስዬ መታየት ፈለግሁ።

ብሌን አየችኝ። አፏን ከፈት አደረገች፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች። በሰው ፊት ለአባቷ መልስ እንዳትሰጥ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አዳራሹ ግን ይህን ከየት ይወቅ? መልስ የላትም ብለው አሰቡ። ሰብሳቢው በትሕትና፣ «ነጥቡን አጥርተሽ በጽሑፍ ላኪልን፤ ስለ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ እንወስናለን» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ የተወችውን ጥናት አንስቼ አነበብኩ። መጠኑ ምንጊዜም ከዜሮ እንደሚበልጥ አስቀድማ አረጋግጣለች። ማረጋገጫዋ አጭር ናት፤ አዳራሹም በቅጡ ልብ ያላላት ትመስለኛለች። እኔን ያመለጠችኝ ከጎልማሳው ጋር ስስቅ ነው። ልጄን እያሞገስኩ ልጄን ሳልሰማት ቀረሁ።

እስከዚህ ድረስ ያደረግሁት ስህተት ነው። ስህተት ይታረማል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ኃጢአት ነው።

ብሌን ከክፍሏ ወጥታ ጽሑፉን በእጄ ላይ አየችው።

«አባዬ፣ አሁንም ስህተት አለው ይላሉ?»

«አለው» አልኩ።

«እሺ፣ አባዬ።»

አለው አልኩ። እያወቅሁ አልኩ። በሩን ከፍታልኝ ነበር፤ እኔ ዘጋሁት። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ «ውሸት ትንሽ የለውም» እያልኩ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው፣ ለገዛ ልጄ በዚያች አንዲት ቃል ዋሸሁ። ለምን? አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የተናገርኩትን መመለስ ከበደኝ። የማያውቅ ጠጋኝ እንዳልባል ፈራሁ። ለልጄስ ማን ፈራላት?

«ልጅቷ እህል አልቀምስ አለች፤ ምን ሆና ነው?» አለችኝ እናቷ።

«ምንም። ስህተቷን እያሰበች ነው» አልኩ።

ብሌን ለሰብሳቢው ምንም አልላከችም። አምናኝ ይሁን ታዝዛኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስም አላውቅም። መጽሐፉ ያለ እሷ ታተመ። የዶክትሬቱ ነገር በዚያው ቀረ። እሷም ማስተማሩን ትታ ኦሎምፒያ አካባቢ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ገባች። ሥራ ክብር ነው፣ አላዋርደውም። ግን የመረጠችው አይደለም።

ካዛንቺስ ፈርሶ እኛም ከተነሣን በኋላ፣ በቅርቡ አንድ እሑድ ልትጠይቀን መጣች። የድሮ ባልደረባዋ ያዋሳትን አዲስ የምርምር መጽሐፍ ይዛለች። አንድ የውጭ ሰው ያንኑ ውጤት፣ በዚያው መንገድ ሄዶ በስሙ አሳትሞታል።

«ታዲያ ያንቺም ልክ ነበራ?» አለች እናቷ።

«እንግዲህ እማዬ፣ ሰውየውን አባዬ አልጠየቁትማ» አለች ብሌን፤ ሁለቱም ሳቁ።

እኔ ጉርሻዬን አላመጥኩ።

ሰብሳቢው በሕይወት አሉ፤ ለእሳቸው እውነቱን ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። የጠፋውን ዓመት እንደማይመልሰው አውቃለሁ። ብሌንን ግን ይቅርታ አልጠይቃትም። ብጠይቃት «እሺ፣ አባዬ» ትለኛለች፤ ሌላ መልስ አላስተማርኳትም። እንዲህ ያለውን ይቅርታ መቀበል ሁለተኛ መዝረፍ ነው።

ስለዚህ በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት እመልሳለሁ። የብሌን ሥራ ስህተት አልነበረውም። ያን ጠዋት ይህን አውቅ ነበር። ልጄ ሆይ፣ የምትይኝ ካለሽ ሰው በተሰበሰበበት ቆመሽ በይኝ። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።