ፊኛው ሳይፈነዳ የበራው ፍላሽ

ጧ አለ፤ ፍላሹም በራ። ፊኛው ግን አልፈነዳም።

ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ፋሲሎ ሰፈር፣ እቤታችን። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ውኃ የሞላ ፊኛ ሲፈነዳ ፎቶ ላነሳ እየሞከርሁ ነበር። ድምፅ ሲሰማ ፍላሹን ራሱ የሚያበራ መሣሪያ ገጥሜያለሁ። (ባለፈው አባባ ሲያስነጥሱ አንስቷቸዋል።) ታናሽ እህቴ መርፌ ይዛ ትጠብቃለች።

«ወጋሽው እንዴ?» አልኋት።

«ኧረ ገና አልነካሁትም!»

ሁለተኛው ተኩስ ሲሰማ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተደፋን።

ጸጥ ሲል ካሜራው በመጀመሪያው ተኩስ ያነሳውን ፎቶ አየሁት። ፊኛው እንዳለ ነው፤ እህቴም እየሳቀች ነው። ፍላሹ ድንጋጤዋን ቀድሞታል።

ሳሳያት ብዙ አየችውና፣ ፎቶው ላይ ያለችውን ራሷን እየጠቆመች፣ «ይቺኛዋ ገና አልሰማችም» አለች።

እናንተስ ዛሬ፣ ከመስማታችሁ በፊት ምን እያደረጋችሁ ነበር?