በልዋጭ ያልሄደው ፕሮጀክተር

ልጅ እያለሁ እምቢተኛ ነበርኩ፤ ዛሬም ፀባዬ አልተሻሻለም። ባለፈው ሳምንት ሳሪስ ካፌ ሊከፍት ያሰበ አንድ ጎረምሳ ቤቴ መጥቶ የአባቴን ፕሮጀክተር ካልሸጥሽልኝ ብሎ ሙጭጭ አለ። መደርደሪያ ላይ ለጌጥ ሊያስቀምጠው ነው። የተሸፈነበትን ነጠላ ገለጥ አድርጎ “ይሄ እኮ ተቀዷል” አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ሌንሱን በጣቱ ሲነካካው ግን አላስቻለኝም፤ እጁን አንስቼ፣ ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። ያን ቀን ሙሉ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ዋልኩ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። የምንኖረው ቃሊቲ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የከባድ መኪና ጭስ ከምሳችን ጋር የሚበላበት ሰፈር ነበር። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ የሞተው እኔ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ያችን ትንሽ የቤት ፊልም ማሳያ ከአንድ ጥቅልል ፊልም ጋር ትቶለት ሄዷል። ፊልሙ ላይ ያለው አባቴ ራሱ ነው። እኔ ግን የማውቀው በጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፤ ክራቫት አስሮ፣ ኮስተር ብሎ። ሲስቅ ምን እንደሚመስል አላውቅም። የፕሮጀክተሩ መብራት ይበራል፣ ሞተሩም ይዞራል፤ ሌንሱ ግን አልጋ ሥር ስንትና ስንት ክረምት አሳልፎ ሻግቷል። ግድግዳው ላይ የሚታየን ጉም ብቻ ነበር።

አንድ ሐሙስ እማዬ፣ እሁድ ልዋጭ ሲመጣ ፕሮጀክተሩን በሳፋ እንደምትለውጠው ነገረችኝ። የልዋጩ ሰውዬ አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ የፕላስቲክ ዕቃ እየሰጠ በየደጁ የሚዞር ነው። አባቴ በሳፋ! ደሜ ፈላ። አይሄድም፣ እኔ እሠራዋለሁ አልኳት። “አፍሽን ያህል እጅሽ ቢሠራ የት በደረስን” አለችኝ። ቀጥላም ፊቷን አዙራ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አለች። ያኔ የምታወራው ስለ ፕሮጀክተሩ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰዓት ጠጋኙ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ከአንድ ሰው ትከሻ በማትሰፋ ሱቃቸው ውስጥ ሆነው የሰፈሩን ሰዓት ሁሉ በሕይወት ያቆዩ ነበር። ቀጭን ብሎን መፍቻ አዋሱኝና “ስትፈቺ በተርታ ደርድሪ፤ ተርታው ከጠፋብሽ ዕቃው ጠፋብሽ” አሉኝ። ሴት ልጅ ከብሎን ምን አላት አላሉኝም። ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ እማዬ ጓዳ ስትሆን፣ ለእሁድ ቅዳሴ አጥባ ያጣጠፈችውን ነጠላ ወስጄ ግቢው ውስጥ በሰሌን ላይ ዘረጋሁት። ዕቃ የሚደረደርበት ንጹሕ ጨርቅ ሌላ አልነበረንም፤ ደግሞም ሆን ብዬ ነው፣ አልዋሽም። የሌንሱን ቱቦ ቀለበት ፈትቼ ሦስት ትንንሽ መስታወቶች አወጣሁና እንደወጡበት በተርታ አስቀመጥኳቸው። አራተኛው አልወጣ ብሎ ቱቦው አፍ ላይ ቀረ። ሁሉንም ተራ በተራ በልብስ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጠብኳቸው፤ ሻጋታው እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ ሄደ። እኛ ሰፈር ደግሞ የታጠበ ነገር ሁሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በርበሬውም፣ ፍራሹም፣ የሕፃኑም ጨርቅ። እኔም ሦስቱን መስታወቶች ነጠላው ላይ በተርታቸው መለስኩ፣ አራተኛው የቀረበትን ቱቦ አጠገባቸው አቆምኩትና እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ጊዜው ስድስት ሰዓት ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ላይ።

የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ። ስዞር ከቱቦው ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። እማዬ ቀድማኝ ደርሳ ነጠላውን ነጥቃ አራገፈችው። መስታወቶቹ ሣሩ ውስጥ ተበተኑ። ነጠላው ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ነበረች። ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ቁንጥጫዋ የዋዛ አልነበረም። ያስለቀሰኝ ግን እሱ አይደለም። ተርታው ጠፋብኝ።

እንባዬ ሲደርቅ አንድ ነገር ገባኝ፦ ፀሐይን ሰብስቦ ጨርቅ የሚያቃጥል መስታወት አልሞተም። የለቀምኳቸውን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ አድርጌ እገጥምና ቱቦውን ወደ መንገዱ አዙሬ ከጀርባው የደብተር ወረቀት እይዛለሁ። ወረቀቱ ላይ የሚያልፈው መኪና ጥፍሬን አክሎ፣ ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ግን ደብዝዞ። እፈታለሁ፣ አንዱን መስታወት እገለብጣለሁ፣ እንደገና እገጥማለሁ። ምሳ ብዪ ብትለኝ አልበላም አልኩ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል አንድ ተሳቢ አለፈ፤ ሸራው የታሰረበት ገመድ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወረቀቴ ላይ ተዘቅዝቆ ሄደ። ቀለበቱን አጠበቅኩት። ማታ ሌንሱን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

እሁድ እማዬ ባለቀዳዳውን ነጠላ ለብሳ ሳሪስ አቦ ስማ ተመለሰች። ወዲያው “ልዋጭ! ልዋጭ!” የሚለው ድምፅ ደጃችን ደረሰ። ፕሮጀክተሩን ልታነሳ ስትል ፊቷ ቆምኩ። አንዴ እዪና ከዚያ እኔንም ጨምረሽ ለውጪው አልኳት። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩና ሌንሱን ገጥሜ ፊልሙን አዞርኩ። የልዋጩ ሰውዬ ሳፋውን ታቅፎ ደጅ ቆሞ ጠበቀ።

አባቴ መጣ። ቱታ ለብሶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ከፋብሪካው በር ወጣ። ወደ እኛ አየና ሳቀ፤ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው፣ እንደ እኔ። ከዚያ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ሁለት ጊዜ አወዛወዘና አንድ ነገር ተናገረ። ፊልሙ ድምፅ የለውም።

“ቁጭ በይ ነው የሚለኝ” አለች እማዬ ከኋላዬ። “የመሐንዲሱን ካሜራ የያዝኩት እኔ ነኝ። አንቺን አርግዤ ስድስት ወሬ ነበር። ይደክማችኋል፣ ቁጭ በይ ነው የሚለው።”

እንግዲህ እናቴ የጠላችው ጉሙን ይመስለኝ ነበር። የፈራችው ግን ጉሙ የሚገለጥበትን ቀን ነው። ወደ በሩ ሄዳ ሰውዬውን “ሂድ ወንድሜ፣ የሚለወጥ ዕቃ የለንም” አለችው። ተመልሳ መጥታም ቁጭ አለች፤ እንደታዘዘችው።

ዛሬ ልጆቼ ስልካቸው ውስጥ ሺህ ጊዜ ይስቃሉ፤ የትኛውንም ሁለቴ የሚያየው የለም። የአያታቸውን ፊልም ወደ ስልክ እንገልብጠው ሲሉኝ እሺ ብያለሁ፤ መሣሪያው ግን ከቤቴ አይወጣም። እማዬ ያን ነጠላ እስክታረጅ ለበሰችው። የሰፈር ሴቶች ቀዳዳውን አይተው ምን ነካው ሲሏት፣ ባሌ ነው ያቃጠለው እያለች ታስደነግጣቸው ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ነጠላውን ለፕሮጀክተሩ አለበስኩት። ክርም መርፌም አለኝ፤ ቀዳዳውን ግን አልሰፋውም።