የጠቆረው በአዝሙዱ መስሎኝ

መጀመሪያ የመጣው ማቃጠል ነው። መርሳ ገበያ ብርቱካን ስሸጥ፣ ከእምብርቴ በላይ ፍም የተቀመጠብኝ ይመስለኝ ነበር። ስበላ ይተወኛል፤ ሆዴ ባዶ ሲሆን ይመለሳል። ለወገቤ ሕመም እየገዛሁ የምውጠው ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ፣ እንደሚያባብሰው አላወቅሁም።

አማቴ ሊያስታምሙኝ ከሲሪንቃ መጡ። ቅጠላ ቅጠል ያውቃሉ። ጠዋት ተልባ፣ ማታ አብሽ ያጠጡኛል፤ በኋላ ጥቁር አዝሙድ በማር ጨመሩበት። ተልባው ለጊዜው ያበርድልኛል። ዳንኩ ስል ደግሞ ያቃጥለኛል። ከሳሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

ከዚያ ሰገራዬ ጠቆረ። እንደ ሬንጅ። በአዝሙዱ መስሎኝ ዝም አልኩ። አንድ ጠዋት ልጄን ላነሳ ጎንበስ ስል ወደቅሁ። ደም አስመለሰኝ።

አማቴ ደሙን አዩ። ስለ ሰገራዬም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ወደ ባለቤቴ ወደ ኢብራሂም ዞሩ።

«ይኼ የአዝሙድ ሥራ አይደለም። ቅጠልም አይችለው። አሁኑኑ ወልድያ አድርሳት።»

መንገዱ አላልቅ አለ። እጄ በረደ። ጡት ያልጣለው ልጄ ታሰበኝ። መሞቴ ነው ብዬ ሸሃዳ አልኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ለኢብራሂም «የጨጓራዋ ቁስል እየደማ ነው። ደም ካላገኘች አትተርፍም» አለው። የኢብራሂም ደም አልገጠመም። የተቀመጠ ደምም አልነበረም። ኢብራሂም ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ወንድሙን የሚያስታምም የጉባ ላፍቶ ገበሬ ሰምቶ «የኔን ሞክሩት» አለ። ገጠመ።

ደሙ ከቆመ በኋላ በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ በኢንዶስኮፒ፣ ቁስሉን አዩት፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያም ስለተገኘብኝ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ከባክቴሪያው መድኃኒቶች ከአሞክሳሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር ሳላቋርጥ እየዋጥኩ፣ መጀመሪያ አጥሚት፣ ኋላም ለስላሳ ምግብ እየቀማመስኩ፣ ቀስ በቀስ ገበያዬ ተመለስኩ። አማቴ ያጠጡኝን ስነግረው ሐኪሙ አልተቆጣም። «ተልባ ያለሰልስ ይሆናል፤ የሚደማ ቁስል ግን አይዘጋም። የምትወስጂውን ሁሉ ንገሪኝ፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚጋጭ አለ። ዳይክሎፌናክ ግን እንዳትነኪ» አለኝ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ልጄን አቅፌ እሄዳለሁ። አማቴን አላህ ያቆይልኝ፤ የያዙትን የቅጠል ሕክምና ትተው ወደ ሐኪም ባይልኩኝ አልኖርም ነበር። ያን ገበሬ ግን ፊቱን እንኳ አላየሁም። ኢብራሂም ስሙን ሲጠይቀው «ብቻ እሷ ትነሳ» ብሎ ወደ ወንድሙ ተመልሷል።

እንደኔ ጨጓራችሁን የሚያቃጥላችሁ ሁሉ፣ ተልባውን ብትጠጡም ከምርመራ አትቅሩ። ሰገራችሁ ከጠቆረ ምክንያት አትፈልጉለት። በዚያው ቀን ሂዱ።