የበዛወርቅ ጥቁር ሻሽ

የበዛወርቅን ጸጉር ገልጣ ያየች ሴት ቦንጋ ውስጥ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ጸጉር ሠሪዋ ብርቅዬ። በልጅነቷ የያዛት ቆረቆር አናቷ ላይ የመዳፍ ያህል ጠባሳ ጥሎባት አልፏል፤ እዚያ ላይ ጸጉር በቅሎ አያውቅም። ዋጫ ከተማ ተማሪ ሳለች «ቆረቆራም» እያሉ ያስለቀሷት ልጆች ዛሬ የልጆች አባት ሆነዋል፤ ነገሩንም ረስተውታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሷ ሥራ ይዛ ቦንጋ ስትገባ ለራሷ የማለችው፣ ይህን ገመናዋን ማንም እንዳያየው ነበር።

ብርቅዬ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት መጋረጃዋን ትጋርድና በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። የግንባሩንና የጎኑን ጸጉር እየሳበች በቀጭን ሹሩባ ትሸርብና አናቷ ላይ ታገናኘዋለች። ሲያልቅ ጠባሳውን የወለደቻት እናቷ እንኳ ፈልጋ አታገኘውም። ብርቅዬ የዓለምን ወሬ ስትሰልቅ ትውላለች እንጂ፣ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስለ ጠባሳው አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። በዛወርቅ ከዚያ ቤት ስትወጣ አንገቷ ቀና ይል ነበር።

ባለፈው መስከረም የብርቅዬ ባል ወደ ሚዛን ተዛወረ፤ እሷም ቤቷን ዘግታ ተከተለችው። በዛወርቅ የተዘጋው በር ፊት ቆማ አለቀሰች። የሚጠይቃት ቢመጣ «ጉንፋን ነው» ልትል ተዘጋጅታ ነበር።

በከተማው ጸጉር ቤት ሞልቷል፤ ግን የአሁኖቹ ሁሉ ፊት ለፊታቸው መስታወት ነው፤ መንገደኛው ቆሞ ያያል፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ደግሞ ከመንገደኛው ይብሳሉ። ቦንጋ እዚህ ያስነጠሰን ሰው እዚያ ማዶ «ይማርህ» የሚሉባት ከተማ ናት። አንድ ቅዳሜ የሚያውቀኝ የለም ብላ በሚኒባስ ሺሺንዳ ወረደች። ጸጉር ቤት ገብታ ገና ከመቀመጧ፣ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የነበረች ሴት ብቅ ብላ «የመዝገብ ቤቷ በዛወርቅ አይደለሽም እንዴ? የጠፋ ፋይሌን ያገኘሽልኝ» አለቻት። በዛወርቅ ሰላምታዋን ሰጥታ፣ የረሳሁት ጉዳይ አለ ብላ እንደመጣች ተመለሰች።

ታኅሣሥ ላይ ቢታ ገነት ያለ አጎቷ ሞተ፤ በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ብቻ ያየችው ሰው ነው። እግዜር ይቅር ይበላትና ጥቁር ሻሽ ስታስር የተሰማት ሐዘን ሳይሆን እፎይታ ነበር። ሐዘንተኛን «ጸጉርሽን ለምን አልተሠራሽም?» የሚል የለም። የሩቅ ዘመድ ከል በአርባው ይወልቃል፤ እሷ ግን አርባውንም ሰማንያውንም አለፈችው። ሲጠይቋት «ያሳደገኝ እሱ ነው» አለች። አንዴ ካለችው በኋላ መመለሻ አጣች፤ ስለማታውቀው ሰው ደግነት ስታወራ ከረመች።

የረሳችው ነገር ቢኖር የአገሯን ሰው ነው። ከል የበዛባትን ሴት ወዳጆቿ ዝም ብለው አያይዋትም፤ ተሰብስበው ያስወልቋታል፣ ጸጉሯንም ያሠሯታል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሰኔ ውስጥ አንድ ዓርብ፣ አራት የቢሮ ሴቶች የሰው ሀብት ኃላፊዋን እትዬ ቀጸላን አስቀድመው መዝገብ ቤቱ ድረስ መጡ።

«ተነሺ» አሉ እትዬ ቀጸላ። «የሞተ አይመለስም። ዛሬ ከልሽን ጥለሽ ነው ቤትሽ የምትገቢው።»

«ዛሬ አልችልም፣ እትዬ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ግራና ቀኝ ብብቷን ይዘው የሩሀማ ጸጉር ቤት አስገቧት። ዝናቡ ያስጠጋው ሰው መስታወቱን ተደግፎ ወደ ውስጥ ያያል። ሩሀማ ወንበሩን አዙራ ወደ ሻሹ ቋጠሮ እጇን ስትሰድ፣ በዛወርቅ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። የምትሮጥበት መንገድ አልነበረም፤ ሴቶቹ በሩን ዘግተው ቆመዋል። አፏ ቀደማት።

«ሌላ መርዶ አለብኝ» አለች። «ብርቅዬ ሞታለች።»

የብርቅዬ ደንበኛ ያልነበረች ሴት አልነበረችም። አንዷ ደረቷን መታች፤ እትዬ ቀጸላ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። በዛወርቅም አብራ አለቀሰች፤ እንባዋ ደግሞ የእውነት ነበር። ሻሹ አልተነካም። ሌላ አንድ ዓመት አገኘሁ ስትል በሆዷ አሰበች፤ ያገኘችው ግን ከድጡ ወደ ማጡ መግባትን ነበር። እትዬ ቀጸላ ዓይናቸውን እየጠረጉ ስልካቸውን አወጡ።

«ባሏ ያነሳው ይሆናል፤ በስልክም ቢሆን ለቅሶ እንድረስ» ብለው ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። በዛወርቅ «ይቆይ» ስትል ስልኩ ተነሳ።

«አቤት፣ እትዬ ቀጸላ» አለች ብርቅዬ። «ምነው፣ የሚያለቅስ ሰው እሰማለሁ። ማን ሞተ?»

ዓይን ሁሉ በዛወርቅ ላይ አረፈ። ከእንግዲህ የምትገድለው ሰው አልነበራትም። ቋጠሮውን በገዛ እጇ ፈታችና ሻሹን ጭኗ ላይ አኖረችው። ሩሀማ ያየችውን አይታ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቀረች። ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰውም አየ።

«ይኸው ነው» አለች በዛወርቅ። «ይህን ልደብቅ ብዬ ነው።»

የቱንም ያህል ጊዜ ዝም ቢሉ በቻለችው ነበር። እትዬ ቀጸላ ግን ስልኩን ዘጉና ቀስ ብለው ጠየቁ።

«አጎትሽስ? እሳቸውስ ሞተዋል?»

«እሱ ሞቷል» አለች በዛወርቅ። ያመናት ግን አልነበረም።